ሰፈሬን ወደ ሌላ ዲስክ ሳዛውር

መሳለሚያ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ የሠርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ሱቄ ጠባብ ናት፤ ኮምፒውተሩ፣ ሁለት ወንበርና እኔ። ያደግሁበት ግቢ ከፎቁ ጀርባ ስለነበር ድሮ በሬ ላይ ቆሞ ሰላም የሚለኝ ሰው አላጣም ነበር። ግቢው ፈርሶ ጎረቤቶቼ ከተማ ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ከሄዱ ወዲህ ግን ከደንበኛ በቀር የሚያናግረኝ የለም። እኔ ሱቁን ትቼ መሄድ ስላልሆነልኝ እዚሁ አንድ ክፍል ተከራይቼ ቀረሁ።

ሥራዬን የማስቀምጠው በገመድ በሚሰካ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ስገዛው ለሁለት ከፍዬው ነበር። ትልቁ ክፍል ለደንበኞች ሠርግ ነው። ትንሹ ክፍል ላይ ያለው ካሜራ መያዝ ከጀመርኩ አንስቶ በግቢያችን ያነሳሁት ሁሉ ነው፤ ድግሱ፣ ኢዱ፣ ፋሲካው፣ የልጆቹ ሩጫ። ባለፈው ክረምት ትልቁ ክፍል ሞላና አዲስ ሥራ አልቀበል አለኝ። እሱን ለማስፋት ከጎኑ ያለውን ትንሹን ክፍል መሰረዝ ነበረብኝ። ክፍሉ ሲሰረዝ ደግሞ ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አቅሜ የፈቀደውን አነስ ያለ ሌላ ዲስክ ገዛሁና አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሬን ቪዲዮ ወደ እሱ መገልበጥ ጀመርኩ።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት የድሮ ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆሙ። ከባለቤታቸው ጋር እዚሁ መርካቶ ቅመም ሲነግዱ የኖሩ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት አልፏል።

«ይግቡ እትዬ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

ደረጃው አድክሟቸው ስለነበር ወንበሩ ላይ ትንሽ አረፉ። ከዚያ፣ «የእሱ ድምፅ አንተ ጋ አይጠፋም ብዬ ነው የመጣሁት» አሉኝ። «ፎቶውማ አለኝ። ድምፁን ግን እየረሳሁት ነው።»

«ይኖራል። ግን እየገለበጥኩ ስለሆነ እስኪያልቅ መነካካት አልፈልግም። ይቆያል።»

«ይቆይ። ቤት የሚጠብቀኝ ሰው የለም።»

ሻይ አስመጣሁና አብረን ጠበቅን። የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ፣ የሁሉም በር ዝግ እንደሆነ፣ የጎረቤታቸውን ስም እንኳ እንደማያውቁ ነገሩኝ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ ይሄዳል። ሌላ ቀን ቢሆን ያናድደኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን መዘግየቱን ወደድኩት።

ለሰላት ሲነሱ ሻርፓቸው ከገመዱ ጋር ተጠላለፈና የድሮው ዲስክ ተነቀለ። መልሼ ስሰካው፣ ይህ ክፍል ፎርማት ካልተደረገ አይከፈትም፣ ላድርገው ወይ የሚል ጥያቄ መጣ።

«እሺ በለዋ፣ ልጄ» አሉ።

«እሺ ካልኩት ሁሉንም ያጠፋዋል፣ እትዬ።»

ፊታቸው ጠቆረ። ጥያቄውን አልፌ ዲስኩን በሥርዓቱ አወጣሁት፤ ጥቂት አሳርፌ በሌላ ገመድ ሰካሁት። ተከፈተ። «አልሃምዱሊላህ» ብለው ሰገዱና ተመልሰው ተቀመጡ። እኔም የተቋረጠውን ፋይል እንደገና ከመጀመሪያው ገለበጥኩት።

ሲያልቅ በአዲሱ ዲስክ ላይ ባለቤታቸውን ፈለግን። በአንዲት የጎረቤት ልጅ ሠርግ፣ የድንኳን ቋሚ ተሸክመው ሲያልፉ አገኘናቸው። ካሜራዬን በእጃቸው ገፋ አድርገው፣ «እኔን ተወኝ፣ ልጆቹን አንሳ» ይላሉ። ያ ብቻ ነው።

«ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። «አየህ፣ ቁጣው ራሱ ነው» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ድምፁን ለብቻው ቆርጬ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸውና ታክሲ ድረስ ሸኘኋቸው።

ተመልሼ የተገለበጡትን ቪዲዮዎች ከዚህም ከዚያም እየከፈትኩ አየሁ፤ መጠናቸውንም ከድሮው ጋር አስተያየሁ። ምንም አልጎደለም። ያኔ ትንሹን ክፍል ሰረዝኩት። ቦታው ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ፣ ያልተመደበ የሚል ጽሑፍ ወጣበት። ሁሉም በሌላው ዲስክ እንዳለ እያወቅሁ ቦታውን ለሠርጉ ክፍል የሚሰጠውን ትእዛዝ ለመጫን ጣቴ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ ጫንኩትና የሠርጉ ክፍል ሰፋ።

በሚቀጥለው ሳምንት እትዬ ደወሉልኝ። ጠዋት ጠዋት ድምፁን እንደሚሰሙት ነገሩኝ። ለምን ብቅ እንደማይሉ ስጠይቃቸው፣ «ሩቅ ነው ልጄ፣ እግሬም አልሆነም» አሉ። ከዚያ፣ «አንተስ ምሳ ከማን ጋር ነው የምትበላው?» አሉኝ።

«ሰው አለ፣ እትዬ» አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ልበላ ወረድኩ።