አራት ቁጥሮች በደብተሬ ላይ

የያዙኝ በደብተሬ ምክንያት ነው። ጎንደር ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። ያን ቀን ለአንድ የደባርቅ መንገድ ሾፌር የጉም መብራት ልገጥምለት እየሄድኩ ነበር። ኬላ ላይ ሲፈትሹኝ ቦርሳዬ ውስጥ መብራቶቹን፣ ሽቦና ሪሌ አገኙ፤ ደብተሬ ላይ ደግሞ የአንዲት ትንሽ ሳጥን ሥዕል ከአራት ቁጥሮች ጋር፦ ሠላሳ፣ ሰማንያ አምስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ ሰባት።

«ፈንጂ ነው» አሉ።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ሰሊጥና ሽንት ይሸታል። ከጎኔ የሚተኙት የሳንጃ ገበሬ ነበሩ፤ እስረኞቹ ሁላችንም «አያ» እንላቸው ነበር።

«አንተስ ምን አድርገህ መጣህ?» አሉኝ።

«ሥዕል ሥዬ።»

«እኔ ስሜን እንኳ አልጽፍም። ይኸው እኩል መጣን።»

መርማሪው ለእያንዳንዱ ቁጥር የአንድ ሰው ስም ጠየቀኝ። የሪሌው የሽቦ መግቢያ ቁጥሮች ናቸው አልኩት። ከዚያ በኋላ የተገረፈው ውስጥ እግሬ ለአንድ ሳምንት መሬት መርገጥ አልቻለም።

አያ ስለ ሥዕሉ ሲጠይቁኝ ግን ደስ አለኝ፤ ማስረዳት እወዳለሁ። «የመብራቱ ማብሪያ ደካማ ናት። ብዙ ኤሌክትሪክ ካለፈባት ትቃጠላለች። ስለዚህ መሀል ላይ ሪሌ እናስገባለን። እሷ ሪሌውን ታዛለች፤ ሪሌው ከባትሪ የመጣውን ይለቃል።»

«መስኖ ነዋ!» አሉ። «ቦዩን የዘጋችውን ጓል በእግሬ ገፋ ሳደርጋት ውኃው ይሄዳል። እኔ አልሸከመው።»

እንዲህ የገባው ተማሪ አልነበረኝም።

አንድ ጠዋት ግቢው ውስጥ አሮጌ ፒካፕ አቁመው ቦርሳዬን ሰጡኝ። «ግጠመው» አለ መርማሪው። «ካልፈነዳ እናያለን።» ሠላሳን በፊውዝ በኩል ከባትሪው፣ ሰማንያ ሰባትን ከመብራቶቹ፣ ሰማንያ ስድስትን ከማብሪያዋ፣ ሰማንያ አምስትን ከመኪናው ብረት ጋር አገናኘሁ። ሽቦውን የላጥኩት በጥርሴ ነው።

ስጨርስ አያን ከመጋዘኑ አስወጧቸው።

«ማብሪያውን ሽማግሌው ይጫነው» አለ መርማሪው።

«እኔ ልጫነው።»

«አንተ ገና ታስፈልገናለህ።»

መርማሪውና ጠባቂዎቹ ግቢው ውስጥ ካለ ግንብ ጀርባ ገቡ። አያ ነጠላቸውን ሰብስበው መሪው ፊት ተቀመጡ። «መምህር፣ ጓሏ የቷ ናት?»

አሳየኋቸው። ከዚያም በሌላው በር ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ውረድ!» ብሎ ጮኸ መርማሪው።

አልወረድኩም።

አያ ተጫኑ። ሪሌው ቀጭ አለ፤ ብርሃኑ ግንቡ ላይ አረፈ። አያ ከግንቡ በላይ ቀስ በቀስ የሚወጡትን ኮፍያዎች ተመለከቱ። «ሸጋ ነው» አሉ። «የጎደለው ጉሙ ብቻ ነው።»

መርማሪው መጥቶ መብራቶቹን አየ። «እንግዲያው ሽቦ ማገናኘት ትችላለህ ማለት ነው» አለና ይህንኑ ጻፈ። ወደ መጋዘኑ መለሱን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አያን ጠርተው ወሰዷቸው። እኔ ከወራት በኋላ ያለ ክስ ወጣሁ። እሳቸው የት እንደደረሱ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ዛሬም ሪሌ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ገጥመው ሲጨርሱ፣ ማብሪያዋን ከሚጫነው ተማሪ አጠገብ ገብቼ እቀመጣለሁ።

«ምነው መምህር፣ አታምነንም እንዴ?» ይሉኛል።

«አምናችኋለሁ» እላለሁ። «በል፣ ጓሏን ግፋት።»