አራተኛው ቸርኬ

ጆሃንስበርግ፣ ክሊፕታውን ሰፈር የነበረችኝ ሱቅ ተዘርፋ ባዶዋን ከቀረች በኋላ፣ ሮዘተንቪል በምንከራይበት ግቢ ጓሮ አሉሚኒየም እያቀለጠ የመኪና ቸርኬ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ሥራ ሰጠኝ። ሰፈሩ ሁሉ ማዳላ ይለዋል፣ ሽማግሌው ማለት ነው። አገሬ ቢሆን አንቱ እለው ነበር፤ በእንግሊዝኛ ግን አንቱ የለም። እሱም «ማይ ፍሬንድ» ይለኛል። እዚህ አገር ሐበሻ ሁሉ ስሙ ማይ ፍሬንድ ነው።

የሚሠራው ሆት ሮድ ለሚባሉት ነው፤ አሮጌ መኪና ገላልጠው፣ ዝቅ አድርገው፣ ትልቅ ሞተር ጭነው ለመታየት የሚነዱት። እንዳጫወተኝ ከሆነ፣ ድሮ ተወዳዳሪዎች የብረት ቸርኬ ሲከብዳቸው ማግኒዥየም ሞከሩ። በኋላ አሉሚኒየም ቦታውን ወሰደ፣ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ፤ ጆሃንስበርግ ውስጥ ዛሬም የሚያምር ቸርኬ ሁሉ ማግ ነው። ማዳላ ከባሕር ማዶ የመጣውን መግዛት ስላልቻለ፣ በወጣትነቱ መጽሔት ላይ ያየውን ፎቶ አስመስሎ እንጨት ጠረበ፣ የተጣለ ፒስተን አቀለጠ፣ የራሱን ሠራ። አሁን ሰው ርካሹን በካርቶን ይገዛል። ወደ እኛ የሚመጣ ቢኖር አድራሻ የጠፋበት ነው።

ለማዳላ የቀረው ምኞት አንድ ብቻ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠጋግናት የኖረች ፒካፕ ጓሮው ውስጥ በሦስት ማግና በአንድ የጡብ ቁልል ላይ ቆማለች። አራተኛውን አፍስሶ አንድ እሑድ ሶዌቶን ሊዞርባት ፈለገ። ደረቱ ግን አላስቆም አላስቀምጥ አለው።

የማፍሰሻው አሸዋ ጥግ ላይ ተከምሮ ይኖራል፤ ጥቁር ነው፣ ይሸታል። የእንጨቱን ቸርኬ እሱ ውስጥ ቀብረን፣ ጠቅጥቀን እናወጣና በቀረው ባዶ ቅርጽ የቀለጠውን እናፈስበታለን። ከሸክላ አፈር ጋር ተለውሶ፣ እየተቃጠለ፣ እየተነፋ፣ ውኃ እየተረጨ ሲያረጅ እንደ ዱቄት ይልማል፤ ብትጨብጠው የጣትህን መስመር ሳይቀር ይይዛል። ማዳላ ከቀድሞ አሠሪው ሲለይ የለመነው አንድ ባልዲ አሸዋ ነበር። እሱን እንደ እርሾ ከአዲሱ እያዋሐደ ኖረ።

አንድ ቀን ሲያስል ደም ተፋ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት፣ አስተኙት። ሐኪሟ ሳንባውን የበላው የዘመናት የአሸዋ አቧራ ነው አለችኝ፣ እኔም ቤት ገብቼ ለባለቤቴ እንደሰማሁት ነገርኳት።

«አይ እኚህ ሰውዬ!» አለች። «እኛን መንገድ ላይ ከመውደቅ ያዳኑ፣ አቧራ ይግደላቸው?»

በእኛ አገር ሰው ታሞ ከሐኪም ቤት ሲወጣ ጎረቤት ቤቱን ጠርጎ፣ አጥቦ ይቀበለዋል። እሱን ደግፌ ስመለስ የጓሮው ወለል በሳሙና ታጥቦ ያበራል። ባለቤቴና ሁለት የቤተ ክርስቲያን እህቶች እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ በር ላይ ቆመዋል። የአሸዋው ጥግ ባዶ ነው። ጠዋት ቆሻሻ መኪናው ሲያልፍ ሁሉንም ጭነውለታል።

«እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት በላቸው» አለችኝ ባለቤቴ። «ያንን የሚገድላቸውን አቧራ አንድም ሳናስቀር አወጣንላቸው በላቸው።»

ተረጎምኩለት። ወደ ጥጉ ጠጋ ብሎ ወለሉን በጫማው ነካው። እኔ ብሆን እጮህ ነበር።

«ንጊያቦንጋ፣ ሲሲ» አላት፤ አመሰግናለሁ እህቴ ማለቱ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አትንገራት፣ ማይ ፍሬንድ።»

የግንባታ አሸዋ ገዝተን በሸክላ አፈር ለወስን። የድሮውን ዓይነት የሚለመንበት ቦታም አልነበረም፤ የሚያውቃቸው ማቅለጫ ቤቶች ተዘግተዋል። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ በእጁ ያሳየኛል፣ እኔ እጠቀጥቃለሁ። የወጣው ቸርኬ ፊቱን ፈንጣጣ የበላው ይመስል ነበር። በገመድ አንጠልጥሎ በእንጨት መዶሻ መታው። ደህና ማግ እንደ ደወል ይጮኻል፣ ይሄኛው ግን ዷ ብሎ ዝም አለ። ደግመን አፈሰስን፣ ያው ነው።

«አሸዋው ዓመታት ይፈልጋል» አለኝ። እሱ ወራትም አልነበሩትም። የፈሰሰ አይታፈስም ይላሉ የእኛ ሰዎች፤ ምን ያደርግልኛል እንደዚህ ያለ ተረት።

ከሞተ በኋላ ዘመዶቹ ፒካፗን ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ሰጧት። ወደ ጭነት መኪናው ስንገፋት ሦስቱ ማጎች ተሽከረከሩ፣ አራተኛው ጥግ አስፋልቱን እየፋቀ ሄደ። አለቀስኩ።

ፒካፗ ከመሄዷ በፊት፣ ከቀብሩ ስንመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ባለቤቴ ክንዴን ይዛኝ ነበር።

«እኔን አንድ ነገር ያጽናናኛል» አለች። «በንጹሕ ቤት ነው የሞቱት።»

«አዎ» አልኳት፣ «ንጹሕ ነበር።»