አፍ የማይከፈትበት ክፍል

በቆዳ ፋብሪካው የገንዳ ክፍል አፉን ከፍቶ የሚያወራ ሰው የለም። እርጥብ ቆዳ፣ ኖራና የበሰበሰ ስብ ተደባልቀው የሚያወጡት ሽታ አፍንጫን አልፎ ምላስ ላይ ይቀመጣል። ሠራተኛው ከንፈሩን ገጥሞ፣ ቃሉን በጥርሶቹ መካከል እያሾለከ ይነጋገራል፤ እርስ በርሳቸው ይግባባሉ። ከእነሱ አንዱ፣ ቆዳ ፋቂው፣ የሸበተው በዚያ ክፍል ነው።

አንድ ሰሞን የክፍሉ ቦይ ተደፈነ። ከቆዳ የሚፋቀው ስብና ፀጉር ወደ ኋላ ተመልሶ ወለሉ ላይ ተኛ፤ ሠራተኞቹ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገብተውበት ይሠሩ ጀመር። ቆዳው ላይ ጨው የሚነሰንሰው የቆዳ ፋቂው ጓደኛ እግሩ ቆስሎ መግል ያዘ። ቦዩ እንዲጠረግ አንድ ሰው በስብሰባ ይናገርልን ተባለና ነገሩ በዕድሜ ትልቁ ላይ፣ በቆዳ ፋቂው ላይ ወደቀ።

የስብሰባው አዳራሽ ንጹሕ ነው፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እሱ ግን ተነሥቶ እንደለመደው ከንፈሩን ገጥሞ አጉተመተመ።

«ምን አሉ አባባ? አልሰማንም» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ደገመው።

«አሁንም አልሰማንም።»

የቢሮ ሰዎች ሳቁ። ቆዳ ፋቂው ተቀመጠ። ከገንዳው ይልቅ የገዛ አፉ ቀፈፈው።

ማታ ቤቱ ቁም ሳጥኑ ፊት ቆሞ አፉን እየከፈተ ሲናገር ሚስቱ ሰማችው።

«ቁም ሳጥኑ አምኖልሃል፤ በሩን ገርበብ አድርጓል።»

«አታሹፊ አንቺ ሴትዮ።»

«እዚህ መናገር ምን ያቅታል? እዚያ ግማቱ ውስጥ ክፈተው እስቲ።»

እውነቷን ነው። በማግስቱ ገንዳው ዳር ቆሞ አፉን በሰፊው ከፈተ። ሽታው ጉሮሮው ድረስ ዘለቀ፤ አፉን ግን አልገጠመም።

«ዝንብ ልትጠልፍ ነው እንዴ?» አለው ጨው ነስናሹ።

«ከጠለፍኩ አካፍልሃለሁ። አንተ ብቻ እዚያ ጥግ ቁምና ስማኝ።»

ጨው ነስናሹ ከጥግ ሆኖ «አልሰማሁም» ይላል፤ እሱም ምራቁን ውጦ ይደግማል። እያደር ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ መድረስ ያዘ። ከዚያ በኋላ ሰው ፊት መቆም ምኑም አልነበረም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሣ። «ቦዩ ተደፍኗል። የምንሠራው ግማት ውስጥ ቆመን ነው። የዚህ የጓደኛዬ እግር እየበሰበሰ ነው። ይጠረግልን።»

የኋለኛው ወንበር ድረስ ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ ማጨብጨብ ጀመረ፤ የቢሮ ሰዎችም ተከተሉት።

«አባባ፣ ተናጋሪ ሆነዋል። እንግዶች ሲመጡ ስለ ፋብሪካችን የሚናገሩልን እርስዎ ነዎት» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ጭብጨባው ቆዳ ፋቂውን ከስቡ የባሰ አንገሸገሸው።

«አጨብጭቡልኝ አላልኩም። ተነሡና እዩት።»

ያ ሁሉ ሠራተኛ እያየው ሥራ አስኪያጁ እምቢ ማለት አፈረ። የገንዳ ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ ግን መሐረቡን አፉ ላይ ጭኖ የሆነ ነገር አጉተመተመ።

«ምን አሉ ጌታዬ? አልሰማንም» አለ ቆዳ ፋቂው፣ ሳይስቅ።

ሥራ አስኪያጁ መሐረቡ ውስጥ አሁንም አጉተመተመ።

«አሁንም አልሰማንም።»

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ መሐረቡን አወረደ። «ዛሬውኑ ይጠረጋል» አለና አፉን ይዞ ወደ ውጭ ሮጠ።

ከሰዓት በኋላ ጠራጊዎቹ መጡ፤ ወለሉም ታየ። እንግዶቹ በመጡ ጊዜ የቢሮ ሰው ቆዳ ፋቂውን እንዲናገርላቸው ሊጠራው ወረደ። እሱ ቀና ሳይል ቆዳውን እየፋቀ፣ ክፍሉ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ መለሰለት።

«ለዚህ አፌን አልከፍትም።»