አረንጓዴ የተቀባው ቀበሌያችን

ደብረ ታቦር ቢሮ ቁጭ ብዬ ካርታ እሠራለሁ። ከየቀበሌው የመጣውን የምርት ቁጥር ለኮምፒውተሩ እሰጠዋለሁ፣ ኮድ እጽፍለታለሁ፤ እሱ ቀበሌዎቹን ቀለም ይቀባልኛል። ጥሩ ያመረተው አረንጓዴ፣ የተጎዳው ቀይ። የእርዳታ ስንዴ የሚሄደው ወደ ቀዩ ነው።

ዘንድሮ የተወለድኩበት ቀበሌ፣ ወደ እብናት መውረጃው ላይ ያለው፣ ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ብቅ አለ። ምን ጉድ ነው! በጥቅምት ሄጄ በረዶው የአባቴን ጤፍ መሬት ላይ አስተኝቶት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ኮዱን ሦስት ጊዜ ፈተሽኩት። ኮዱ ምንም አላጠፋም፤ ቁጥሩ ራሱ እንዲያ ሆኖ ነው የመጣው።

አባቴ ጋ ደወልኩ። ለካ የምርቱን ቁጥር የሚሰበስበው መዝጋቢ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሳይበተን፣ አባወራውን አንድ በአንድ እያስነሳ ጠይቆ ኖሯል። ወንድሜ ሊያገባ ነው፤ የልጅቷ አባትም እዚያው ተቀምጠዋል።

«እና ስንት አሉ?» አልኳቸው።

«አሥራ አምስት ኩንታል።»

«አባዬ! ሁለት እንኳ አላገኙም እኮ!»

«ታዲያ በአማቾቼ ፊት ጎተራዬ ባዶ ነው ልበል? ሴት ልጁን ማን ይሰጠኛል?»

እሳቸው አሥራ አምስት ካሉ በኋላ ቀጥሎ የተነሳው እንዴት ሁለት ይበል? ሁሉም ከፍ ከፍ አደረገው።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ማኅተም ያረፈበት ቁጥር በእኔ ቃል አይነካም አለኝ፤ አባወራዎቹ እንደገና ተሰብስበው እስከ ዓርብ የእርማት ደብዳቤ ይላኩ። ይህንኑ ለአባቴ ነገርኳቸው።

«ሰርጉ ይለፍ፣ ልጄ» አሉኝ። ሰርጉ ገና ወር ቀርቶታል።

ዓርብ ጠዋት አንድ መስመር ኮድ ጨመርኩ፤ ቀበሌያችን ቀይ ሆነ። በጣም ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። ወዲያው ግን ሌሎቹ አረንጓዴዎች ዓይኔ ውስጥ ገቡ። እዚያስ ስንቱ አባወራ በማን ፊት አፍሮ ይሆን? በምን አውቃለሁ! መስመሩን አጠፋሁትና ካርታውን እንዳለ ላክሁት። ቀኑን ሙሉ ራሴን ስረግም ዋልኩ። ስንዴውም ሌላ ቀበሌ ሄደ።

አባቴ በሬ ሸጠው ደገሱ። በሰርጉ ቀን የልጅቷ አባት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ቤታቸው ከጋራው ወዲያ ነው፤ በረዶ ደግሞ አንዱን መትቶ አንዱን ይተዋል፣ የማን ማሳ እንደተረፈ ሁሉም አያውቅም። ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለአባትሽ እንዳትነግሪ። እኛን በረዶው ጨርሶናል፤ ለመዝጋቢው ያልኩትም ውሸት ነው። ልጄን ቶሎ የዳርኳት እሷ እንኳ እናንተ ቤት ጠግባ ትደር ብዬ ነው።»