ሁለት ኮምፒውተር ያቀናጀሁ ዕለት

እኔን ብሎ ሶፍትዌር መራጭ! ፊደል ከአሞራ እግር የማልለይ አሮጊት፣ አርፌ ሩዜን ብለቅም ምን ነበረበት?

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄና ባሏ ወረታ መንገዱ ዳር ፎቶ ቤት ነበራቸው። አንዱ ኮምፒውተር ሱቁ ውስጥ፣ አንዱ ከጓሮ፣ ከመኖሪያችን። እሷ ከሱቅ ሰው ታስተናግዳለች፣ እሱ ከቤት ፎቶውን ያሳምራል። በፍላሽ ይዘው ሲመላለሱ አንድ ክረምት ፍላሹ ከጎርፍ ወደቀና ቀረ። የሰው ክርስትና ይዞ ጣና ገባ!

አማቼ ሽቦ ዘረጋ። «ሁለቱን የሚያገናኝ ሶፍትዌር አለ» አለ። ችግሩ ሁለት ዓይነት አገኙና ተጣሉበት። እሱ የወደደው ብዙ ነገር የሚሠራውን ነው። ልጄ ቀላሉን፤ ፎቶውን እዚህ ፎልደር ስትጥይው እዚያም ይገኛል፣ አለቀ።

«እማ፣ አንች ፍረጅን» አለች።

የእሱን ሞከርሁት፤ እንደ ቀበሌ ዘበኛ ጥያቄ ብቻ! የእሷን ሞከርሁት፤ አንዲት ፎቶ ጎትቼ ጣልሁ።

«ደረሰች!» አለች ልጄ ከሱቅ።

እልል አልሁ። ሌላ ጣልሁ። «ደረሰች!» እልል! ጎረቤቱ ማን ወለደ ብሎ መጣ። ፍርዱ ለቀላሉ ሆነ።

ኋላ የጎረቤቴ ልጅ ተዳረች። ሙሽራዋ በማግሥቱ አልበሟን ይዛ ወደ ባሏ አገር ልትሄድ፣ እናትዮዋ ከሱቅ ከልጄ ጋር ፎቶ ትመርጣለች። እኔ ብቻዬን ከቤት ከፍቼ ባይ፣ ጉድ! በየፎቶው ከሙሽራዋ ጎን እኔ፤ ሻሼ ወልቆ፣ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ ትከሻዬ ሲበር። እኛ አገር አማት ካማቿ ፊት እንኳን ልትጨፍር፣ ስትጎርስም ዞር ብላ ነው። አማቼ መጥቶ ሳያይ ላጥፋው አልሁ። የቅንጃ በሬ መስሎኛላ፤ የኔን ብፈታ የሷ ከቀንበሩ ይቀራል ብዬ። ጥፊ! አንችም ጥፊ!

ከሱቁ የጎረቤቴ ጩኸት ተነሣ። «በስመ አብ! ሙሽራዋ ካይኔ ሥር እየጠፋች ነው!»

«እማ! ምን ነካሽ?» ልጄ እየሮጠች መጣች።

«ልጄ ነገ ባዶ እጇን ልትሄድ ነው?» ጎረቤቴም ተከትላት ደረሰች፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

የጠፋው የሚቀመጥበት ቦታ አለ አሉ፤ የሚያውቀው ግን አማቼ ብቻ። ተጠርቶ መጣና አንድ ባንድ እየከፈተ ይመልስ ጀመር። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ከበሩ ኋላ።

«እማማ፣ ይችንም ልመልሳት?»

«መልሳት! ዓይንህን ጨፍነህ መልሳት!»

አልበሙ ሞላ፤ ሙሽራዋም ደረቷ ላይ አቅፋው ሄደች። ሰንበት ብዬ ለጎረቤቴ «ካማቼ ፊት ተዋረድሁ» ብላት፣

«አንች ሴት» አለችኝ፣ «የሠርጉ ዕለት ካሜራ ይዞ ፊትሽ የተንበረከከው ማን መስሎሻል?»