እንቅልፍ የጣላቸው መሐንዲስ

እኚያ መሐንዲስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እስከ ዛሬ ባለውለታዬ ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ ነው። ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ኤረር በር አጠገብ፣ የቆየ የሐረሪ ቤት ገዝተን ገባን። እኔ ሳሎኑን የሞላውን ባለደረጃ መደብ አፍርሼ ሶፋ ለማስገባት ቸኩያለሁ። ባለቤቴ አልጸደ ግን "ግድግዳው አብሮ ቢናድስ? መጀመሪያ መሐንዲስ ይየው" ብላ ድርቅ አለች። መደብ ለማፍረስ ደግሞ ምን መሐንዲስ ያስፈልጋል ብዬ ስከራከር ሰነበትኩ። በመጨረሻ ተሸነፍኩና ከግንቡ ውጭ፣ ከአዲሱ ከተማ፣ አንድ የታወቁ መሐንዲስ ይዤ መጣሁ።

ቀትር ላይ ስለነበር ላብ በላብ ሆነዋል። ጫማቸውን አወለቁና ከፍተኛው መደብ ላይ ወጡ። "እስቲ ጣሪያውን ከዚህ ልየው" ብለው ጋደም አሉ። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመሩ።

እንዳንቀሰቅሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ እንዳንተዋቸው ሥራ ጥለው ነው የመጡት። በገዛ ቤታችን እንደ እንግዳ ታችኛው መደብ ጫፍ ላይ ተቀምጠን በሹክሹክታ ተጨቃጨቅን።

"ቀስቅሳቸው እንጂ!"

"ይምጡ ያልሽው አንቺ፣ ቀስቃሹ እኔ?"

ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኙ። ሲነቁ በጣም አፈሩ። ከረባታቸውን አስተካክለው፣ "ይህን ቤት እንዳይነኩት" አሉኝ። "እኔ በሠራሁት ቤት ውስጥ፣ በዚያ እንደ እሳት በሚግል የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቀን ዓይኔን ከድኜ አላውቅም።"

ይህን ብለው ሜትራቸውን አወጡና መደቡን ከዳር እስከ ዳር መለካት ጀመሩ። እኔ ደነገጥኩ።

"አይነካም አላሉም እንዴ?"

"የእርስዎማ አይነካም" አሉ ቁጥሩን እየጻፉ፤ "የሚፈርሰው የኔ ሳሎን ነው።"