የአባቴ ወዳጅ ከብቶች

እኛ ከሚሴዎች ስለ ከተማችን ከተጠየቅን አፋችን አያርፍም። ካርታ ላይ ካያችኋት በአማራ ክልል መካከል ለብቻዋ የተቀመጠች የኦሮሞ ዞን ከተማ ነች፤ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ «ታዲያ እናንተ የማን ናችሁ?» እያሉ ይጨቀጭቁኛል። የሁሉም ነን እላለሁ። ሰላምታውን በኦሮምኛ ጀምረን ወሬውን በአማርኛ እንጨርሳለን። ነጋዴው ከደጋ፣ ከብት አርቢው ከአፋር ቆላ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ከየትም መንገዱን ይዞ መጥቶ እዚሁ ቀርቷል። ከከተማው ወረድ ሲሉ ጨፋ የሚባለው ሜዳ አለ። ክረምት የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል፤ በበጋ ውኃው ሲሸሽ ለምለም ሣር ይተዋል። ቆላውን ከእኛ ያዛመደው ያ ሣር ነው።

አባቴ አፋር የሆኑ አንድ ወዳጅ ነበሩት። በጋ በገባ ቁጥር ከብቶቻቸውን እየነዱ መጥተው እኛ ማሳ ላይ ይሰፍራሉ። ከብቶቹ የማሽላውን አገዳና የውኃ ዳሩን ሣር ይበላሉ፣ እበታቸው ደግሞ መሬቱን ያዳብራል። ውል የለ፣ ሽማግሌ የለ። እኔ «አባባ» እያልኳቸው ነው ያደግሁት።

አባቴ ከሞተ በኋላ ጎረቤቶቼ በሽንኩርት ሲያልፍላቸው አየሁና ዓይኔ ቀላ። የውኃ መሳቢያ ሞተር ገዛሁ፣ ማሳውን እስከ ውኃው ጫፍ ድረስ ሽንኩርት ሞላሁት፣ ዙሪያውን በእሾህ አጠርኩት። አባባ እንደሚመጡ አላውቅም ነበር እንዳልል አውቃለሁ። ስልካቸውም አለኝ። «ነገ እደውላለሁ» እያልኩ በጋው ገባ። ምን ብዬ ልንገራቸው? አፈርኩ፣ ሌላ ምን አለ!

ዘንድሮ ጥር ላይ መጡ። ከብቶቹ አጥሩ ሥር ቆመው ውኃው እየሸተታቸው ይጮኻሉ። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የራሴ ሲሆን ቀድሜ መጮኽ አመሌ ነው።

«ደውለው አይመጡም እንዴ አባባ!»

«የመጣሁት አባትህ ቤት ነው» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «ግድ የለም። በዳር በኩል አሳልፈኝ፣ ይጠጡልኝና ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ።»

«በየት በኩል? ሽንኩርቱን ሊረግጡት?»

አጥሩን በአንድ ጥግ ብከፍት ቢበዛ አንድ ሁለት መደብ ቢረገጥ ነው። አልከፈትኩም። የጎረቤቶቼም ማሳ እንደ እኔው ታጥሯል። አባባ «አላህ ያግራው» ብለው ከብቶቻቸውን ወደ አስፋልቱ መለሱ። እኔ ሽንኩርቴን ሳጠጣ ዋልኩ።

በገበያው ቀን ሆዴ አላስችል ቢለኝ የቆላው ሰው ሁሉ ወደሚገናኝበት ወደ ሰንበቴ ገበያ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው፣ «አጥሩን እከፍታለሁ፣ ይመለሱ» ልላቸው ነበር። ከብት ተራው ውስጥ አገኘኋቸው። ከደጋ ከመጣ ነጋዴ ጋር በከብቶቹ ዋጋ ተስማምተው ጨርሰዋል፤ የቀረው ዋስ ብቻ ነው። እዚያ ገበያ እንግዳ ሰው ከብት ሲሸጥ፣ ከብቱ የራሱ እንጂ የተሰረቀ አለመሆኑን የሚመሰክር የአገር ሰው ካላመጣ የሚገዛው የለም። አባባ እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ይኸው!» አሉ ክንዴን ይዘው። «የወዳጄ ልጅ ነው። በጋ የምንሰፍረው እነሱ ማሳ ላይ ነው፤ ጠይቀው።»

ነጋዴው ወደ እኔ ዞረ። «ታውቃቸዋለህ?»

«አባባ፣ አይሽጡ» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ወላሂ ደርሶ ነበር። ከዚያ ሽንኩርቱ ትዝ አለኝ፤ ለመነቀል ጥቂት ነው የቀረው።

«አውቃቸዋለሁ» አልኩ። «ከብቶቹ የራሳቸው ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ እኛ ማሳ ላይ ሲግጡ አውቃቸዋለሁ።»

በቃ፣ ተሸጡ። አባባ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «አባትህ አልሞተም» አሉኝ።